ታሪክ ተምሮ ነጋዴ

«የተማረ ይግደለኝ» ዋጃ ላይም የድሮ ወሬ ሆኗል። የዛሬ ወላጅ የሚጠይቀው «ተመርቆ ምን ይበላል?» ብሎ ነው። አልፈርድበትም። ዝናብ ባጠረ ቁጥር ማሽላው የሚከስርበት የራያ ቆላ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው አንጀቱን አስሮ ነው።

የምወቅሰው ፖሊሲውን ነው። በ2001 ዓ.ም. ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ሲባል፣ ታሪክና ፍልስፍና እንጀራ አይሆኑም ተብሎ የተፈረደ ያህል ነበር።

እስቲ ኬኔት ቼኖልትን እንይ። ቦውዶይን ከምትባል ትንሽ የአሜሪካ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 በታሪክ ተመረቀ። ሕግ ጨምሮበት አሜሪካን ኤክስፕረስን ከ2001 እስከ 2018 መራ። ጋናዊው ፓትሪክ አውዋም ስዋርዝሞር በምትባል መሰል ኮሌጅ ተምሮ ማይክሮሶፍት ከሠራ በኋላ፣ በ2002 አክራ ላይ አሸሲ ኮሌጅን ከፈተ።

ታዲያ «ሎጂክ ያከብራል» ልበላችሁ? የለም። ኮሌጅ የሚያወራው የቀናቸውን ነው፤ ያልቀናቸውን ማን ቆጠረ? እነዚህ ሰዎች የሚያስረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰፋ አድርጎ መማር ከሥራ አያግድም።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ሎጂክም አብሮ መጣ። ደግ ሆነ። «ማሽላ ነገ ይወደዳል» ሲባል የሚሰማ የዋጃ ነጋዴም ቢሆን፣ ወሬን ከማስረጃ ካልለየ መክሰሩ አይቀርም።