መኪና የሚመረጠው በቁልቁለት ነው

መኪና ሊገዛ አስቦ ደብረ ብርሃን ጋራዤ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጉልበቱን ነው። «ጋሼ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? ዳገት ላይስ እንዴት ነው?» ጥያቄው አይከፋም፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ግን ሁለተኛ ጥያቄ መሆን ነበረበት።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጉልበት የተለካው ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ አየር ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። 150 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ የቤንዚን መኪና እኔ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ የቀረው 110 ያህሉ ነው ማለት ነው። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከጉዳቱ አብዛኛውን ያካክሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጨርሶ አይነካውም። ይህን ያልተረዳ ሰው አዳማ ላይ እንደ ልቡ ሲሄድ የነበረ መኪና እዚህ ሲሰንፍበት ካንዴላ ያስቀይራል፣ የነዳጅ ፓምፕ ያስፈታል፣ በመጨረሻም ሻጩን ይረግማል። ሻጩ ምን ያድርግ፣ አየሩን አልሸጠለት!

ስለ ጉልበት ከዚህ በላይ ብዙ የምለው የለኝም። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ደህና ሞተር አባትና እናትን ከሦስት ልጆች ጋር ዳገት ያወጣል፤ ቢዘገይ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ነው። ዳገት ያቃተው መኪና ይቆማል። ቁልቁለት ያቃተው ግን አይቆምም።

የአንኮበር መኳንንት ይህን ያውቁ ነበር። ለጦርና ለጉግስ ፈረስ ነበራቸው፤ ስማቸው ሳይቀር በፈረሳቸው ይጠራ ነበር፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ለመንገድ የሚቀመጡት ግን በቅሎ ላይ ነበር፤ ፈረሱ እንደተጫነ ይሳባል። በበቅሎው ስም የተጠራ መኰንን ሰምቼ አላውቅም። ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ ግመሉን ይዞ አልዩ አምባ አካባቢ ሲደርስ ሸክሙን ያራግፋል፤ ግመል ወደ አንኮበር የሚያወጣውን ገደል አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነበር። በቅሎ የተመረጠችው ስለምትፈጥን አይደለም፤ ጠባብና ጠንካራ ኮቴዋን ድንጋዩ ላይ አጥብቃ ስለምታሳርፍ፣ ያላመነችበትንም ቦታ ስለማትረግጥ ነው። እኔ ለቤተሰብ መኪና ሳይ የምፈልገው በቅሎዋን ነው፤ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፈረሱን ወዶ ነው።

ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን መንገድ እንውሰድ። በጣሊያን ዘመን የተሠራው ዋሻ ያለበት አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በደብረ ሲና አልፎ እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ይጥላል። ከነተሳፋሪው ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በደብረ ብርሃን ብርድ ያደረ 100 ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። (እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የራዲያተር ክዳኑ የላላ መኪና እዚህ ቶሎ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው።) ከዚያ ኃይል ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የተረፈው ወይ ሞተሩ ላይ ወይ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሾፌሩ በትንሽ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ይይዝለታል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ካደረገ ግን ያ ሁሉ ሙቀት ለአራት ጎማ ፍሬን ይተርፋል።

ፍሬን ሲባል ሰው ሸራውንና ዲስኩን ብቻ ያስባል። እኔ የምፈራው ዘይቱን ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት የጠጣው ደግሞ 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 ከዚያም ያነሰ ነው፤ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ሾፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን መውረዱን ይቀጥላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ደንበኛዬ ከሬዲዮውም ከወንበር ልብሱም በፊት የፍሬን ዘይቱን እንዲያስቀይር የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው። ሚሊዮኖች ወጥተውበት በጥቂት ብር ዘይት መሰሰት አይገባኝም።

መኪና የማየው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ኮፈኑን ስዳስሰው ሞቆ ካገኘሁት «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ እሄዳለሁ፤ ሻጭ ሞተር አሙቆ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር ውርጭ ያደረ የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ብዙ ይናገራል። ነጭ ጭስ አውጥቶ ቶሎ ከጠራ ግድ የለኝም። ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠለ ዘይት እየበላ ነው። ከዚያ ወደ መንገድ እንወጣለን። ገዢው ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሰው ይገርመዋል፤ መካኒክ ከፊት ተቀምጦ ዳሽቦርዱን ማየት አለበት ብሎ ያስባል። የቤተሰብ መኪና ጉዱ ያለው ከኋላ ነው፦ አሞርዛተሩ ሲደክም የሚዘለው፣ ጭሱ የሚገባው፣ የሚያቅለሸልሸው እዚያ ነው። ሽቅቡን ዝም ብዬ እሄዳለሁ። ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ «አሁን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ደግመህ ያዝ» እላለሁ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር እየጠለቀ ከሄደ ነገሩ ዘይቱ ወይም ፓምፑ ጋ ነው። ቆመን ስንወርድ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል። የጎማ ነገር ሲነሳ፣ ጥርሱ ያልተበላ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። 3519 ካለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019፣ 35ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል። መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ ሲያዩት ያምራል፣ ግን ደርቋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ካስታወቀ ወዲህ ምርጫው ራሱ ተለውጧል። ትናንት ልቡ ቪ8 ላንድክሩዘር ላይ የነበረ አባወራ ዛሬ ስለ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ይጠይቀኛል። አይዲ 6 ባለሦስት ረድፍ ወንበር ነው፤ ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ ስክሪኑ በቻይንኛ ሲያወራ ብታዩት አትደነቁ። ሁለቱም ባለአንድና ባለሁለት ሞተር ሆነው ይመጣሉ፦ አንዱ 200 ፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ሌላው ከ300 በላይ። እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። ወጣቱ ባል ባለ300ውን ይፈልጋል። «ስድስት ሰከንድ ምናምን ውስጥ መቶ ይገባል እኮ!» ይለኛል። እሺ፣ የት ላይ? ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በጎች ከነእረኛቸው፣ ጭድ የተጫነች አህያ፣ አንዳንዴም መንገዱን እንደ ባለርስት የሚያቋርጥ የጭላዳ መንጋ አለ። ያን ሁሉ ጉልበት የሚፈታበት ሜዳ ቢያገኝ እንኳ ከኋላ የተቀመጠችው እናቱ አትፈቅድለትም። ሁለት ሞተር የሚጠቅመው ወላጆቹ መንዝ ገጠር ውስጥ ሆነው ክረምት ጭቃ ለሚገባ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ከሞተሩ በፊት የመኪናውን ከመሬት ከፍታ ይለካ።

ኤሌክትሪኩ በእኔ ሚዛን፣ በቁልቁለት፣ የተዋጣለት ነው። ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ሙቀት ሆኖ ሊጠፋ የነበረውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ቅድም ያልኩት የ100 ሊትር ውሃ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ሲመነዘር 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ሁሉም ባይመለስ ደህና ድርሻው ይመለሳል። ነገር ግን ባትሪው ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጢም ብሎ የሞላ ባትሪ ምንም አይቀበልም፤ በብርድ የቀዘቀዘም ጥቂት ነው የሚቀበለው። ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ሰው እስከ ጣርማ በር ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ራሱ ባትሪውን ጎደል ያደርግለታል፣ ያሞቅለታልም። አደጋው ቁልቁለት ላይ ለሚያድር ነው። አንኮበር ጎረቤላ ወይም ደብረ ሲና አድሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ልጆቹን ጭኖ የሚወርድ ሰው የሞላም የቀዘቀዘም ባትሪ ይዟል። ያኔ ሥራው ሁሉ ለተራው ፍሬን ይመለሳል። የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ደግሞ ዲስክ አይደለም፣ ታምቡር ነው፤ ሠሪዎቹ አብዛኛውን ሞተሩ ይይዛል ብለው ነው ያን የመረጡት። ስለዚህ እዚያ ለሚያድር 80 በመቶ ላይ ንቀሉት እላለሁ። «ሙሉ ታንክ» የለመደ ሾፌር ይህን ሲሰማ እንደ ንፉግ ያየኛል።

ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ጥያቄ የሰማሁት ከባሎቹ አይደለም። ባል ስለ ሰከንድ ሲያወራ ቆይታ ሚስት ጣልቃ ትገባለች፦ «ጋሼ፣ ልጆቹን ከኋላ ያስመልሳቸዋል?» ያስመልሳቸዋል። ሦስተኛው ረድፍ ከኋላ ጎማው አናት ላይ ስለሚውል በየመታጠፊያው ከሁሉ በላይ የሚወዛወዘው እሱ ነው፤ መስኮቱም ትንሽ ነው። ለደብረ ሲና መንገድ ትንንሾቹን መካከለኛው ረድፍ ላይ፣ በመቀመጫቸው ታስረው፣ ፊት ለፊት የሚያዩበት አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ የዕቃ ቦታው ስለሚያልቅ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ የመንዝ በግ የታሰረበት ጣሪያም አይቻለሁ። ጣሪያ ላይ የወጣ ክብደት መታጠፊያ ላይ መኪናውን ያጋድለዋል። ሰባት ወንበር የሚፈልግ ቤተሰብ በእርግጥ ሰባት ሰው ሆኖ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ ያስብ። ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ከሆነ ሚኒባስ መከራየት ይረክሳል።

እናም ኑሮው ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ መካከል ለሆነ፣ ቤቱ መብራት ላለው ቤተሰብ ባለአንድ ሞተሩን ኤሌክትሪክ እመርጣለሁ። ወደ መሐል ሜዳና ከአልዩ አምባ ወዲያ ለሚመላለስ ግን እዚሁ አገር ውስጥ ያለ፣ በደንብ የተያዘ ባለቱርቦ ናፍጣ ፕራዶ ፈልጉ እላለሁ፤ ገንዘብ ካነሰ ከዓመተ ምሕረቱ ቀንሱ፣ ከፍሬኑ ግን አትቀንሱ።

ኤሌክትሪኩን ለወሰዱት አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሞተሩ ስለሚይዝለት ተራው ፍሬን ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ ፍሬን ደግሞ ይዝጋል፤ ክረምቱ እንደወጣ የኋላውን ታምቡር ከፍቼ ላጽዳው። ባልየው «ዘይት የማይቀየርለት መኪና ገዝቼ እንደገና ጋራዥ!» ብሎ ይስቃል። ሚስቱ ስልኳን አውጥታ መስከረም ላይ ቀን ትይዛለች።