ከተማሪዎች መዝገብ ውጭ የቀሩ ልጃገረዶች

የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በኅዳር 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር፣ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች በዋናነት በትምህርት ቤቶች አማካይነት እንዲሰጥ ተደርጓል። ምርጫው በቂ ምክንያት ነበረው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ጤና ኬላ ይደርሳል፤ ጤነኛ የሆነች የ14 ዓመት ልጅ ግን ወደዚያ የሚያስኬዳት ጉዳይ የላትም። በገጠር ቀበሌ ብዙ ልጃገረዶችን በአንድ ጠዋት ሰብስቦ ለማግኘት ከትምህርት ቤት የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

የሚነቀፈው እንግዲህ ስፍራው ሳይሆን አቆጣጠሩ ነው። የክትባት ቡድኑ ርእሰ መምህሩ ያዘጋጀውን ስም ዝርዝር ይዞ ሲሠራ፣ በዕለቱ የተገኙት ከሞላ ጎደል ይከተቡና ሽፋኑ ወደ መቶ በመቶ ይጠጋል። ትምህርቷን ያቋረጠችው፣ ተድራ ወደ ሌላ ቀበሌ የሄደችው፣ ከተማ ወርዳ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረችው ግን በአካፋዩም በተካፋዩም ውስጥ የለችም። ጉዳዩ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ያለዕድሜዋ የተዳረችው ልጅ ለቫይረሱ ቀድማ ትጋለጣለች፤ ኋላም ከቅድመ ካንሰር ምርመራ ርቃ የምትኖረው እርሷው ናት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገው ስልት በ2030 ከልጃገረዶች 90 በመቶው 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ ይጠይቃል። ግቡ ልጃገረዶች እንጂ ተማሪዎች አይልም።

በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ሲሰበሰብ የገጠር ክፍሎች እንደሚሳሱ መምህራን ያውቁታል። በስድስት ወር ልዩነት ይሰጥ የነበረው ሁለተኛው ዙር ደግሞ የትምህርት ዘመኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ይውል ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጊዜ ብቻ መከተብን እንደ አማራጭ መቀበሉ፣ በኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ክትባቱ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መስጠት መጀመሩ ይህንን ሸክም አቅልሎታል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገና አልተዳረችም። አካፋዩ ግን ያው የትምህርት ቤት መዝገብ ከሆነ፣ ጭራሹኑ ትምህርት ቤት ያልገባችው አሁንም አትቆጠርም።

ወላጆች ሲያመነቱ ሪፖርቶች «የግንዛቤ እጥረት» ብለው ያልፋሉ። ይህ ቃል የጸሐፊውን ድካም ይቀንስ ይሆናል እንጂ የሚያስረዳው ነገር የለም። ለሴት ልጅ ብቻ፣ ለአቅመ ሔዋን በምትቃረብበት ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በምትሰጠው ባለሙያ እጅ የሚወጋ መድኃኒት «መካን ያደርግ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ቢያስነሳ አያስደንቅም። እናት ይህን ለመጠየቅ ጊዜ የሚኖራት ወሬውን በዋዜማው ከልጇ ሳይሆን ቀደም ብላ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትሰማ ነው።

መፍትሔው አዲስ በጀት አይሻም። በጤና ኬላው የሚገኘው የቤተሰብ ማኅደር የእያንዳንዱን አባወራ ልጆች ከነዕድሜያቸው ይዟል። ከክትባቱ ዕለት በፊት ከትምህርት ቤቱ ዝርዝር ጋር ቢመሳከር ማን እንደጎደለች በስም ይታወቃል፤ የልደት ምዝገባ ባልተሟላበት ቀበሌ ዕድሜን ከክፍል መገመትም ይቀራል። ሪፖርቱ ከትምህርት ቤት ውጭ የተከተቡትን ለብቻ ይግለጽ። በዚያ ዓምድ ዜሮ ሲጻፍ፣ በቀበሌው ከትምህርት ውጭ ያለች ልጅ ስለሌለች ይሁን ወይም ፈልጓት የሄደ ስላልነበረ፣ ተቆጣጣሪው ማኅደሩን ገልጦ መጠየቅ ይኖርበታል።