«የውጭ ሰዓት» ምን ማለት ነው? በአንድ የቴክኒክ መምሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በጉለሌ ለሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ በአማርኛ የተዘጋጀ፣ የማይክሮኮንትሮለርን አሠራር የሚያስረዳ መምሪያ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ነው፤ ይህም በእንዲህ ያለ ሥራ ዘወትር የሚገኝ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ይህን መሣሪያ አስቦ የተዘጋጀ ስላልነበረ፣ ተርጓሚው ብዙውን መንገድ ብቻውን መሄዱን እንረዳለን። ሆኖም መሣሪያው የሚሠራበትን «ክሎክ» ስለ መምረጥ በሚናገረው ምዕራፍ ያሉት ስያሜዎች ተማሪውን ወደ ስሕተት የሚመሩ ሆነው አግኝተናቸዋል።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው ስም ጥቂት እንበል። መምሪያው «ጥቃቅን ተቆጣጣሪ» ይለዋል። ተቆጣጣሪ በአማርኛችን የአውቶቡስ ቲኬት የሚመረምር ሰው ነው፤ «ጥቃቅን» ሲጨመርበት ደግሞ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ሹም ይመስላል። «ማይክሮኮንትሮለር» ተብሎ ቢቀር ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ «ሰዓት» ነው። እንግሊዝኛው የግድግዳውን ሰዓትና የመሣሪያውን ምልክት በአንድ ቃል ስለሚጠራ ተርጓሚውም ሁለቱን «ሰዓት» አላቸው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ግን ጊዜን አይናገርም። በእኩል ልዩነት ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ እያንዳንዱም የሥራ እርምጃ የሚፈጸመው በእርሱ ነው። የእኛ አንባቢ ደግሞ «ሰዓት» ሲባል ከንጋት በኋላ አንድ ብሎ የሚጀምረውን ቆጠራ ያስባል። ስለዚህ «ምት» የሚለውን እንመርጣለን። በዚያው በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ባሳለፈ ቁጥር ማጉን ይመታል፤ ልብሱም በየምቱ በአንድ ክር ያድጋል። የማይክሮኮንትሮለሩም ሥራ እንዲሁ ነው። «ትርታ» የሚል አማራጭ ቢኖርም ሕክምናው ቀድሞ ስለያዘው ለእርሱ እንተወዋለን።

«ሰዓት» የሚገባበት አንድ ስፍራ አለ። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበው የኳርትዝ ክሪስታል ምት 15 ጊዜ በተከታታይ በግማሽ ሲቀነስ፣ ልክ በሴኮንድ አንድ ምት ይቀራል፤ የእጅ ሰዓትም የሚቆጥረው በዚህ ነው። መምሪያው ግን ሁሉንም «ሰዓት» ስላለ፣ እውነተኛው ሰዓት ሲመጣ የሚለይበት ስም አጣ።

ከሁሉ የከፋው «የውጭ ሰዓት» ነው። መምሪያው በምሳሌነት የያዘው ኤቲሜጋ 328ፒ ዋና ዋና አማራጮቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው በራሱ ውስጥ ያለው፣ በሬዚስተርና በካፓሲተር የሚሠራው 8 ሜጋኸርዝ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ለ8 ተከፍሎ በ1 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በሙቀትና በቮልቴጅ መጠን ስለሚለዋወጥ ከሌላ መሣሪያ ጋር በተከታታይ መስመር ለመነጋገር ሁልጊዜ አያስተማምንም። ሁለተኛው ከውጭ ክሪስታል ይታሠርለትና ርግብግቡን የሚያቆየው የመሣሪያው የራሱ ማጉያ ይሆናል። ሦስተኛው ተዘጋጅቶ ያለቀ ምት በአንድ እግሩ በኩል ከውጭ የሚገባበት ነው። መምሪያው ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም «የውጭ ሰዓት» ይላቸዋል።

ክሪስታል የበየደ ተማሪ ይህን አንብቦ ሦስተኛውን ቢመርጥ፣ መሣሪያው የማይመጣ ምት ሲጠብቅ ይቀራል፤ ቢጠሩት አይመልስም። ተማሪው ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። የሚጣለው ግን በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ደኅና ዕቃ ነው፤ ከሌላ ምንጭ ምት ቢገባለት ይነሣና ምርጫው ይታረምለት ነበር። ይባስ ብሎ ምርጫው የሚመዘገብበትን «ፊውዝ» መምሪያው «የሚቃጠል ሽቦ» ብሎ ስለፈታው የተማሪው ጥርጣሬ ይጸናል። ይህ ፊውዝ አይቃጠልም፤ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍ ነው። «የቅንብር ቢት» ቢባል እንወዳለን።

ለኦሲሌተር የተሰጠውን «ተወዛዋዥ» አንቀበለውም፤ የቴአትር ቤት መድረክ ያስታውሳል። «ምት አመንጪ» እንበለው። ከዚህም «ውስጣዊ ምት አመንጪ»፣ «ባለክሪስታል ምት አመንጪ»፣ «ከውጭ የሚገባ ምት» ይወጣሉ፤ የሁሉም የወል ስም «የምት ምንጭ» ይሆናል። በሦስተኛው ላይ «አመንጪ» የሚለውን ያስቀረነው ሆን ብለን ነው፤ በዚያ ምርጫ መሣሪያው የሚያመነጨው የለምና። «ክሪስታል» እንዳለ ይቆይ፤ «ብርሌ» ይባል ቢባል ጠጅ እንጂ ኳርትዝ ለማንም አይታየውም። «ድግግሞሽ» በትክክል ገብቷል።

በመጨረሻው ገጽ ያለው የቃላት ዝርዝር በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ብቻ ተደርድሯል። ተማሪው የሚያነበው አማርኛውን ስለሆነ፣ በሀ ሁ ተራ የተዘጋጀ ሌላ ዝርዝር ሊታከልበት ይገባል።