«ዋጂሃ» እና «ጀርፍ»፦ የካርቱም የወንዝ ዳር ግንባታ በሰሌዳውና በሕዝብ አንደበት

1. መነሻ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚጋጠሙበት የካርቱም ጫፍ «አል-ሞግራን» ይባላል። ስሙ ከአረብኛው ቀ-ረ-ነ (ማጣመር፣ ማገናኘት) የተገኘ ነው። አዲስ አበባ አንዱን ሰፈሯን «መገናኛ» እንደምትለው ሁሉ ካርቱምም የሁለት ወንዞች መገናኛዋን በዚሁ ሐሳብ ሰይማዋለች። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት ሲፈረምና የነዳጅ ገቢው ሲያድግ፣ ይህ ቦታ በሱዳን ከታቀዱት የከተማ ግንባታዎች ሁሉ ሰፊ ለሆነው ዕቅድ ታጨ። የካርቱም ግዛት መንግሥትና ዳል ግሩፕ የሚሳተፉበት አል-ሱኑት የልማት ኩባንያ የቢሮ ማማዎችን፣ ሆቴሎችን፣ መኖሪያ ቤቶችንና የጎልፍ ሜዳን ያካተተ ንድፍ ይዞ ቀረበ።

ስለዚህ ግንባታ የኢኮኖሚና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ የቋንቋ ባለሙያዎች ግን እምብዛም አልተናገሩም። ይህ ጽሑፍ የንድፉን ቋንቋ፣ ማለትም የወንዙ ዳር የተሰየመባቸውን ቃላትና የተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች፣ ከነዋሪው አነጋገር ጋር አስተያይቶ ይተቻል። የሚያቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ የካርቱም ሕዝብ በአዲሱ የወንዝ ዳር ላይ የሰጠው ፍርድ በሰሌዳዎች ላይ አልተጻፈም፤ የሚገኘው በአፍ ስያሜዎች ውስጥ ነው። ስለሆነም ሰሌዳን ብቻ የሚቆጥር የጥናት ዘዴ ፍርዱን አይሰማውም።

2. ሁለት የቃል ቤተሰቦች

በልማት ዕቅድና በጋዜጣ አረብኛ እንዲህ ያለው ግንባታ «አል-ዋጂሃ አን-ኒሊያ» ይባላል፤ «የዓባይ ገጽታ» እንደ ማለት ነው። «ዋጂሃ» ከ«ወጅህ» (ፊት) የወጣ ቃል ሲሆን የሕንፃ ፊት ለፊትን፣ እንዲሁም ሱቅ ሸቀጡን የሚያሳይበትን መስታወት ያመለክታል። ቃሉ ቆሞ የሚያይ ሰው እንዳለ ይገምታል፤ ወንዙ ከሩቅ የሚታይ፣ ዳርቻውም ለተመልካች የተዘጋጀ ነው።

የሱዳን የንግግር አረብኛ ለዚሁ መሬት ያለው ቃል ሌላ ነው። ወንዙ ራሱ «በሐር» ይባላል። የሙላቱ ወቅት «ደሚራ» ነው። ውኃው ሲሸሽ ደለል ለብሶ የሚቀረውና የሚዘራው የዳርቻ መሬት «ጀርፍ» ይባላል። በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኘው የጂሬፍ ሰፈር ስም የዚሁ ቃል የማሳነሻ ቅርጽ ነው። ከሞግራን ፊት ለፊት የምትገኘው የቱቲ ደሴት ገበሬዎች ለከተማው አትክልት ሲያቀርቡ የኖሩት ከእንዲህ ዓይነቱ መሬት ነው፤ ደሚራ ሲመጣ ጎርፉን የሚጠብቁባቸውን የዳርቻ ቦታዎችም «ታያ» ይሏቸዋል። እነዚህ ቃላት ሁሉ የሚገምቱት ውኃው ሲመጣና ሲሄድ አብሮት የሚሠራ ሰው ነው።

ሁለቱ የቃል ቤተሰቦች ለአንድ ነገር የተሰጡ ተለዋጭ ስሞች አይደሉም። «ጀርፍ» በየዓመቱ የሚጠፋና የሚመለስ መሬት ነው። «ዋጂሃ» ግን በድንጋይ ተገድቦ የጸና መስመር ይሻል። ንድፉ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ሲተካ በወረቀት ላይ የተለወጠው ቃል ብቻ ቢመስልም፣ ለውጡ የመሬቱን ባሕርይና የባለመብቱን ማንነት ይነካል። በ«ጀርፍ» ላይ ገበሬ መብት ሊጠይቅ ይችላል፤ በ«ዋጂሃ» ላይ ግን የሚታሰበው ባለሀብትና ጎብኚ ነው። የቱቲ ነዋሪዎች በደሴታቸው ላይ ለታሰቡ የልማት ዕቅዶች ያሳዩት ጥርጣሬ በዚህ ዓይን ሲታይ የቃላት ክርክርም ነበረበት።

3. የተጻፈውና የተደበቀው ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1997 ሮድሪግ ላንድሪና ሪቻርድ ቡርሂ ባሳተሙት ጥናት የቋንቋ መልክዓ ምድር ሁለት ተግባራት እንዳሉት አስረድተዋል፤ አንዱ መረጃ መስጠት፣ ሌላው የቋንቋዎችን ደረጃ በምልክትነት ማሳየት ነው። በካርቱም የወንዝ ዳር ትልልቆቹ ሰሌዳዎች የሚጻፉት በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ይህ የሕግ መሠረት ነበረው። የ2005ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 ሁለቱን የብሔራዊ መንግሥቱ የሥራ ቋንቋዎች አድርጓቸዋል። ይኸው አንቀጽ ግን የሱዳን ነባር ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች እንደሆኑ፣ ሊከበሩ፣ ሊያድጉና ሊስፋፉ እንደሚገባም ይደነግጋል። የሞግራን ሰሌዳ የአንቀጹን አንዱን ክፍል ፈጽሞ ሌላውን ዘነጋ።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን አረብኛው ራሱ የማንን ድምፅ እንደሚይዝ ነው። የሱዳን የንግግር አረብኛ የጽሕፈቱን «ቃፍ» እንደ ነዛሪ ትናጋዊ «ግ» ያሰማዋል፤ ስለዚህ «ሞግራን» ይላል። በአረብኛ ፊደል ሲጻፍ ግን «ቃፍ» ይቀመጣል፤ ከሌላ አረብ አገር የመጣ አንባቢም በራሱ ልማድ «ሙቅረን» ሊለው ይችላል። የካርቱሜው «ግ» ተለይቶ የሚታየው በላቲን ፊደል በተጻፈው ስም ውስጥ ነው። የኩባንያው ስምም እንዲሁ ነው። በነጭ ዓባይ በኩል የሚገኘውና በየክረምቱ ውኃ የሚተኛበት የግራር ደን «ሱኑት» ይባላል። በግብፅ «ሰንጥ» የሚባለው ይህ የዛፍ ስም እስከ ጥንታዊ ግብፅ ቋንቋ የሚደርስ የዘር ሐረግ አለው። በሱዳን አነጋገር በሁለቱ የመጨረሻ ተነባቢዎች መካከል አናባቢ ገብቶ «ሱኑት» ሆኗል። የአረብኛው ጽሕፈት አጭር አናባቢን ስለማይጽፍ ይህን ይደብቀዋል፤ ላቲኑ ይገልጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይታያል። ለውጭ ባለሀብት ተብሎ የተጻፈው መስመር የነዋሪውን አፍ ሲይዝ፣ ለነዋሪው ተብሎ የተጻፈው መስመር ግን አፉን አርሞ ያቀርብለታል። ሰሌዳውን «አረብኛና እንግሊዝኛ» ብሎ መዝግቦ የሚያልፍ ተመራማሪ ይህን ሊያይ አይችልም።

የወንዙም ስም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በሱዳን አረብኛ «አዝረቅ» ሰማያዊን ብቻ ሳይሆን ጥቁርንም ያመለክታል፤ የጠቆረ ሰው ቆዳም በዚሁ ቃል ይገለጻል። እንግሊዝኛው የመዝገበ ቃላቱን ፍቺ ይዞ ወንዙን «ሰማያዊ» አለው። «ጥቁር ዓባይ» የሚለው አማርኛ በዚህ ረገድ ከጎረቤቱ አንደበት ጋር ይስማማል።

4. «የጋዳፊ እንቁላል»

ሕዝቡ ስለ ንድፉ ምን አለ? ከሁሉ የታወቀው መልስ የአንድ ሕንፃ ቅጽል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓባይ ጎዳና፣ በሞግራን አቅራቢያ፣ በሊቢያ ገንዘብ የተሠራ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ተከፈተ። ይፋ ስሙ «ቡርጅ አል-ፋቲህ» ነበር፤ «ፋቲህ» የሴፕቴምበር 1969ን የሊቢያ አብዮት የሚያስታውስ ቃል ነው። ኋላም ኮሪንቲያ በሚለው የሆቴል ስም ታወቀ። የከተማው ሰው ግን ሞላላ ቅርጹን ተመልክቶ «የጋዳፊ እንቁላል» አለው።

ቅጽል ስሙ ቀልድ ቢመስልም የተሟላ ሒስ ነው። «ቡርጅ» (ማማ) ከፍታን ሲያወድስ «እንቁላል» ያንን ከፍታ ወደ ጓሮ አውርዶታል። «ፋቲህ» ታሪክን ሲጠራ አገናዛቢው «ጋዳፊ» የሚጠራው ከፋዩን ነው። በአንድ ሐረግ ስለ ቅርጹም ስለ ገንዘቡም አስተያየት ተሰጥቷል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወደቀው ባለቤቱም በላይ ዕድሜ አግኝቷል፤ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ ግን አይጻፍም።

ይህ ማለት ሕዝቡ ግንባታውን በአንድ ድምፅ ጠላው ማለት አይደለም። ለብዙ ወጣቶች የዓባይ ጎዳና መብራቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የቱቲ ድልድይና ከፍ ከፍ ያሉት ሕንፃዎች ከተማቸው ከዓለም ከተሞች ተርታ እንደገባች የሚያሳዩ ነበሩ፤ ከጀልባ ጥበቃ የተገላገለው የቱቲ ነዋሪ ድልድዩን በጸጋ ቢቀበል አያስገርምም። የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪዎች በበኩላቸው ለሱኑት ደንና ለወፎቹ ሰግተዋል፤ ኩባንያው የተጠራበት ዛፍ በኩባንያው ሥራ እንዳይጎዳ ነበር ሥጋታቸው። በጎዳናው ዳር በርጩማ ዘርግተው ሻይ የሚያፈሉት «ሲት አሻይ» የተባሉ ሴቶች ደግሞ ሌላ የወንዝ ዳር ሠርተው ነበር። ከነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነት የተፈናቀሉ፣ አንዳንዶቹም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። የባለሥልጣናት አፈሳ «ካሻ» ይባላል፤ ይህም በሰሌዳ ላይ የማይገኝ፣ የዓባይ ጎዳና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። አንድ ጎዳና ላይ ኑባኛ፣ ፉር፣ አማርኛና ትግርኛ በሻይ ጀበና ዙሪያ ሲነገሩ፣ ከራሳቸው በላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ሁለት ቋንቋ ብቻ ያውቅ ነበር።

5. ቋንቋ መጨመር ይበቃልን?

በዚህ ላይ ሊነሳ የሚችል ብርቱ ተቃውሞ አለ። በካርቱም ማንበብ የሚችለው ሰው በብዛት የሚያነበው አረብኛን ነው፤ በኖቢን ወይም በዲንካ የተጻፈ ሰሌዳ ጥቂት አንባቢ ይኖረው ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች መመረጣቸው ሥራን ከማቃለል ያለፈ ነገር የለበትም የሚል ነው። ከመረጃ አንጻር ክርክሩ ትክክል ነው። በምልክትነት በኩል ግን አይጸናም። የከተማዋ ስም ራሱ ያልተቋጨ ክርክር አለበት፤ ብዙዎች «የዝሆን ኩምቢ» ከሚለው አረብኛ ሲያወጡት፣ የዲንካ ምሁራን የወንዞች መገናኛ ከሚል የራሳቸው ሐረግ ያወጡታል፤ ወደ ቤጃ ቋንቋ የሚመልሱትም አሉ። የትኛውም ትክክል ይሁን፣ ይህን ያህል ቋንቋ የስሜ ባለቤት ነኝ የሚልባት ከተማ በሁለት ቋንቋ ብቻ ስትጻፍ ውሳኔው ገለልተኛ ሊሆን አይችልም።

ይሁንና መፍትሔው ቋንቋ መደራረብ ብቻ እንደሆነ አድርጎ መውሰድም ስሕተት ነው። «ዋጂሃ» በአምስት ቋንቋ ቢተረጐም አምስት ጊዜ «ዋጂሃ» ነው። ከባዕድ ሐሳብ የተቀዳ ቃል በኖቢን ፊደል ስለተጻፈ የኖቢን ተናጋሪውን የወንዝ ዳር አይሆንም። በአንጻሩ «ጀርፍ»ን ወይም «ደሚራ»ን በዚያው በአረብኛ ፊደል መጻፍ አንድም ተጨማሪ ወጪ ሳያስከትል የነዋሪውን ዕውቀት ወደ ሰሌዳው ያስገባ ነበር።

የአዲስ አበባ ተሞክሮ ለንጽጽር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረውና 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት የተወጠነው ፕሮጀክት «ሸገር» የሚለውን የሕዝብ ስም ወስዶ ይፋ አድርጎታል። «ዳርቻ»ም ማንም የሚናገረው ቃል ነው። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባው ሰሌዳ ከካርቱሙ ይልቅ ለአንደበት ቀርቧል። ነገር ግን የሕዝብን ስም መውሰድ የሕዝብን ሐሳብ ከመቀበል ጋር አንድ አይደለም፤ በየወንዙ ዳር ጓሮ አትክልት ሲያለሙና ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሰዎች ለየቦታው የሰጧቸው ስሞች እዚያም በአፍ ብቻ ቀርተዋል።

6. ከጦርነቱ በኋላ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሳው ጦርነት ይህን ጥያቄ አስቸኳይ አድርጎታል። የወንዙ ዳር የውጊያ ሜዳ ሆነ። በሴፕቴምበር 2023 የግሬተር ናይል ፔትሮሊየም ማማ ሲቃጠል ምስሉን ዓለም አየው። በጦርነቱ ዘመን በሱኑት ደን ብዙ ዛፎች ተጨፍጭፈዋል፤ ተቆርቋሪዎች ከግንባታው የሰጉትን ጥፋት ጦርነቱ አመጣው። በማርች 2025 ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ስለ መልሶ ግንባታ ይነገራል። ዕቅዶች ሲወጡ ሰሌዳዎች እንደገና ይጻፋሉ፤ ስሞችም እንደገና ይመረጣሉ።

የፈረሰ ሰሌዳ በፎቶግራፍ ተርፎ ይገኝ ይሆናል። የአፍ ስያሜ ግን የሚተርፈው ከተናጋሪው ጋር ብቻ ነው፤ ተናጋሪዎቹም ካይሮ፣ ጁባ፣ ፖርት ሱዳንና አዲስ አበባ ተበትነዋል። በመተማ በኩል የገቡት በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀምጠው ነበር። ከነርሱ ጋር በደይምና በጂሬፍ ሰፈሮች ለዓመታት የኖሩ፣ የምግብ ቤታቸውን ታፔላ በግዕዝ ፊደል የጻፉ ኢትዮጵያውያንም ተመልሰዋል። እነዚህ ሰዎች የካርቱምን የወንዝ ዳር በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ የሚሰይሙ ናቸው።

እስካሁን ያለው የቋንቋ መልክዓ ምድር ጥናት ካሜራ ይዞ ወደ ጎዳና መውጣትን ይጠይቅ ነበር። ለካርቱም ግን አሁን የሚያስፈልገው መቅረጸ ድምፅ ይዞ ከስደተኛው ጋር መቀመጥ ነው፤ ከዓባይ ጎዳና እስከ ሱኑት ያለውን ዳርቻ ደረጃ በደረጃ እያስታወሰ የየቦታውን ስም፣ ስሙን ከማን እንደሰማና ማን እንደዚያ እንደማይለው እንዲናገር ማድረግ። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለዚህ ክልል ዩኒቨርሲቲዎችም ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። መዝገቡ ቀድሞ ካልተዘጋጀ የመልሶ ግንባታው ነዳፊዎች ባዶ ቦታ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ በዚያም ላይ «ዋጂሃ» ብለው ይጽፋሉ።