በሌላ ሰው ነፍስ የተከፈለ ስለት

የወንጀል ልብወለድ በእኛ የሥነጽሑፍ ጥናት ውስጥ ተገቢውን ትኩረት አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል። «ማን ገደለ?» ለሚል አንድ ጥያቄ ብቻ የተጻፈ፣ መልሱ ሲገኝም አብሮ የሚረሳ የጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ይታያል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን አመለካከት የሚፈታተን አንድ የጃፓን ልብወለድ ለመመርመር፣ በአንድ ነጥብም ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር ለማነጻጸር እሞክራለሁ። ነጥቡ ስለት ነው።

ልብወለዱ ሂጋሺኖ ኬይጎ በ2005 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣው ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት የናኦኪ ሽልማት ተሰጥቶታል። ርእሱ በአማርኛ «የተጠርጣሪ ኤክስ መሥዋዕትነት» ሊባል ይችላል። ያሱኮ የተባለች ሴት ከልጇ ጋር በቶኪዮ ትኖራለች። የቀድሞ ባሏ ደጋግሞ እየተከታተለ ያስጨንቃታል። አንድ ምሽት ቤቷ ድረስ መጥቶ ጠብ ሲነሳ እናትና ልጅ ይገድሉታል። ኢሺጋሚ የሚባለው ጎረቤቷ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር፣ ብቸኛና በዝምታ የሚያፈቅራት ሰው ነው። የሆነውን እንደተረዳ ሬሳውን የማጥፋቱንም ሆነ ፖሊስን የማሳሳቱን ሥራ በራሱ ላይ ይወስዳል።

እንግዲህ ተደራሲው ገዳዩን ከመጀመሪያው ያውቃል። የሴራው ቋጠሮ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በወንዝ ዳር ፊቱ ተቀጥቅጦ፣ የጣቶቹ ጫፍ ተቃጥሎ የተገኘው ሬሳ የባልየው አይደለም። ኢሺጋሚ በማግስቱ አንድ ቤት አልባ ሰው ገድሎ ሟቹ ባልየው መስሎ እንዲታወቅ አድርጓል። ፖሊስ «በዚያ ምሽት የት ነበርሽ?» ሲላት ያሱኮ የምትመልሰው እውነቱን ነው። ፖሊስ የሚጠይቃት ባሏ ስለሞተበት ምሽት አይደለምና።

በየካ ክፍለ ከተማ ኮተቤ አካባቢ ከሥነጽሑፍ ተማሪዎች ጋር በዚህ ልብወለድ ላይ ስንወያይ፣ ክርክሩ ሁሉ በኢሺጋሚና በያሱኮ ላይ ነበር። ገሚሱ እንዲህ ያለ ፍቅር ይቅር ሊባል ይገባዋል ሲል፣ ገሚሱ ወንጀል ወንጀል ነው አለ። ስለ ቤት አልባው ሰው የተሟገተ ግን አልነበረም። እኔ ይህን ዝምታ የተማሪዎቹ ጉድለት ብቻ አድርጌ አላየውም፤ የትረካው ውጤት ነው። ሟቹ ስም የለውም። የቴክኒክ መጽሔት ሲያነብ ስለሚታይ ኢሺጋሚ በልቡ «መሐንዲሱ» ይለዋል። ደራሲው ከወንዙ ዳር ያሉትን ቤት አልባዎች በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ኢሺጋሚ ወደ ሥራው በሚሄድበት መንገድ ላይ ያሳየናል። እኛም እንደ መቼት አካል ቆጥረናቸው እናልፋለን። ኋላ ምስጢሩ ሲገለጥ የምንደነግጠው አስቀድመን እነሱን በመርሳት ስለተባበርን ነው።

ይህን ለመረዳት የየካ ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩትን ሴቶች፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ፍለጋ የሚመጡትን ሕሙማን፣ በየደጀ ሰላሙ የሚቀመጡትን ነዳያን ሁላችንም እናያለን። ማየትና መቍጠር ግን አንድ አይደለም።

የልብወለዱ የጃፓንኛ ርእስ ላይ ያለው «ኬንሺን» የሚለው ቃል በሁለት ፊደላት ይጻፋል። አንዱ ማቅረብን፣ ሌላው አካልን ወይም ራስን ያመለክታል። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረበው አካል የማን ነው? ኢሺጋሚ ራሱን አሳልፎ መስጠቱ እርግጥ ነው። ሊታነቅ በተዘጋጀበት ቀን እናትና ልጅ አዲስ ጎረቤት ሆነው በሩን በማንኳኳታቸው ከሞት ተርፏልና ሕይወቱን የእነሱ ዕዳ አድርጎ ይቆጥራል። ዕዳውን ሲከፍል ግን መጀመሪያ ያስያዘው የሌላ ሰው ነፍስ ነው። ከዚያም በላይ፣ በእርግጥ ገዳይ መሆኑ ቃሉን እንዳያጥፍ ማሰሪያ ሆኖለታል።

የእኛ ሥነጽሑፍ ይህን ጥያቄ በ1958 ዓ.ም. አንሥቶታል። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲኖርላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳላሉ። ስለቱን የሚከፍለው ግን በዛብህ ነው፤ ሳይጠየቅ ሕይወቱ ተሰጥቷልና ሲያፈቅር በራሱ ላይ የማያዝ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሐዲስ ወላጆቹን ክፉ አድርጎ አልሣላቸውም። ከፍቅር የመነጨ ስለት እንዴት ግፍ እንደሚሆን ያሳያል እንጂ። በአንጻሩ ሰብለ ወንጌል ወንድ መነኩሴ መስላ በእግሯ ስትጓዝ፣ በኋላም መንኵሳ መቃብሩን ስትጠብቅ፣ የምትሰጠው የገዛ ራሷን ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ የመስጠት ዓይነቶች ጎን ለጎን ቆመዋል።

ያሱኮም እንደ በዛብህ አልተጠየቀችም። የፊዚክስ ሊቁ ዩካዋ እውነቱን ሲነግራት ያልለመነችው ስጦታ ተሸካሚ መሆኗን ታውቃለች፤ ሄዳም እጇን ትሰጣለች። ብዙ አንባብያን ይህን የኢሺጋሚ ሽንፈት አድርገው ያዝናሉ። በእኔ አስተያየት ግን በልብወለዱ ውስጥ የሟቹን ዋጋ የሚመልስ ብቸኛ ድርጊት ይህ ነው፤ በሰው ነፍስ የተገዛ ነፃነት አልፈልግም ማለቷ ነውና።

ሆኖም ደራሲው የመጨረሻውን ገጽ ለኢሺጋሚ ልቅሶ ሰጥቶታል። እንባችን እንደገና ወደ ገዳዩ ይሄዳል። ይህን ድክመት ነው የሚል ኀያሲ ቢኖር አልሞግተውም። የልብወለዱ የሞራል አሻሚነት ደግና ክፉ በአንድ ገጸ ባሕርይ መደባለቃቸው ብቻ አይደለም። ርኅራኄያችን ራሱ የተዛባ ሚዛን ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ስለ ታላቅ ፍቅር የሚተርክ ድርሰት ስናጠና «ምን ያህል አፈቀረ?» ከማለታችን በፊት «ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ይበጃል።