ስላይዱ ይቆየን፤ ከቴለሯ አገናኙኝ

በግሌ፣ በውል የምሠራ የሥልጠና ነዳፊ ነኝ። ደንበኛ ሲቀጥረኝ መጀመሪያ የሚልክልኝ ስላይድ ነው። መቶ፣ ሁለት መቶ ገጽ፤ አንዳንዱ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ አርማው ብቻ የተቀየረ። «ይህን ያሳምሩልን» ይሉኛል። ማሳመሩን የግራፊክስ ባለሙያ በርካሽ ይሠራዋል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሠልጣኙ ዛሬ የማይችለውን ምን ነገር ሰኞ ሥራ ሲገባ እንዲሠራ ትፈልጋላችሁ?

ጥያቄው የኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የሥልጠና ዓላማ ሦስት ነገር እንዲይዝ ጠይቋል፤ ሠልጣኙ የሚፈጽመውን ተግባር፣ የሚፈጽምበትን ሁኔታና በቂ የሚባልበትን መለኪያ። የኛ ቲኦአሮች (ደንበኛ የሚፈልገውን ሥራ የሚገልጽባቸው ሰነዶች) የሚወዱት «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም።

ለምሳሌ የብር ኖት ለውጡን እናንሳ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩና ባለ 200 ብሩ ሲጨመር፣ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በዚያ ሰሞን ለባንክ ቴለሮች ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው የደኅንነት ምልክቶቹን በሙሉ ዘርዝሮ ማስጠናት ይችል ነበር። ወይም መስኮቱ ጋ ሄዶ መቀመጥ። ሰልፉ በሩን አልፏል፤ ገንዘብ ያመጣችው የቆየች ደንበኛ ነች፤ ከእስሩ መሃል አንዱ ኖት እጅ ላይ ለስለስ ይላል። ቴለሯ ምን ትላለች? ኖቱን ትመልሳለች ወይስ ትይዛለች? ማንን ትጠራለች? መልሱን የምታውቀው እዚያ ወንበር ላይ ዓመታት የቆየች ሠራተኛ ነች፤ ማወቋን ግን ብዙ ጊዜ ራሷም ልብ አትለውም። አጠገቧ ተቀምጦ «አሁን ለምን ቆም አልሽ?» የሚላት ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከመምሪያ ኃላፊው ጋር ከሚደረግ ስብሰባ ይልቅ ከእሷ ጋር ግማሽ ቀን ብታገኝልኝ እላለሁ ደንበኛዬን። «ሥራ ይበዛባታል» የሚለኝ ድርጅት ኋላ ረቂቁን አምስት ኃላፊዎች እንዲገመግሙት ጊዜ አያጣም። አንዱ ያስገባውን ሌላው ያስወጣል፤ አስተያየቱም ግማሹ በኢሜይል፣ ግማሹ በቴሌግራም ድምፅ ይመጣል። እባካችሁ፣ የመጨረሻው ቃል ያለው አንድ ሰው ይሰየም።

ስለ ውሉ ብዙ አልልም። ረቂቁ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ከፒዲኤፉ ሌላ ሊታረም የሚችለው ፋይል ለማን እንደሚቀር፣ ቅድመ ክፍያው መቼ እንደሚገባ ቀድሞ ይጻፍ።

ሥልጠና የማይፈታው ችግርም አለ። ሐሰተኛ ኖት ያሳለፈችው ቴለር መለያ መሣሪያ ስላልነበራት ከሆነ መሣሪያው ይገዛላት። ይህን የሚነግራችሁ ነዳፊ ከራሱ ገቢ ላይ እየቀነሰ ነውና ስሙት።

ቀጣዩን ቲኦአር ስትጽፉም ከሰነዶቹ ዝርዝር በፊት ነዳፊው የሚያነጋግራቸውን ሠራተኞችና የሚገኙበትን ሰዓት አስገቡ።