ስለ ትራፊክ ቆጠራና ስለ ቆጣሪው ዕውቀት

በአገራችን ስለ መንገድ ሥራ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ድልድዩ፥ አስፋልቱና የወጣው ገንዘብ ነው። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት በላዩ ስንት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍ፥ ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም፥ ከሃያ ዓመት በኋላስ ቍጥሩ ወዴት እንደሚደርስ የሚመረምረው ሰው ግን ስሙ አይነሣም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመዝነው የተነሣነው የዚህን ሰው ሥራ ነው። ለምርመራችን መሠረት ያደረግነውም የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣውን የአስፋልት መንገድ ንጣፍ ዲዛይን መመሪያ፥ በተለይም ስለ ትራፊክ የሚናገረውን ምዕራፍ ነው። መመሪያው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ መሥሪያ ቤቱም ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ተብሏል። የ2002ቱን መምረጣችን የአሠራሩ ልማድ ከነመነሻው በግልጽ የሚታይበት እርሱ ስለ ሆነ ነው።

መሥሪያ ቤቱ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተብሎ ሲቋቋም የዓለም ባንክ ብድርና የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ መሐንዲሶች ረድተውታል። በዚያ ጊዜ ጥያቄው ቀላል ነበር። መንገድ በሌለበት አገር የሚሠራው መንገድ ሁሉ ተገቢ ነውና ስንት መኪና ይሄድበታል ብሎ መጨነቅ እንደ ቅንጦት ሊቈጠር ይችል ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ አይደለም። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ መንገድ በ2015 ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ይህን የሚያህል ንብረት የያዘ መሥሪያ ቤት አንዱን መንገድ ከሚገባው በላይ ቢያወፍረው ትርፉ ወጪ ከሌላው ወረዳ መንገድ የተነሣ ገንዘብ ነው፤ ቢያሳንሰውም መንገዱ ዕድሜውን ሳይጨርስ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ጥፋት የሚጀምረው ከቆጠራው ወረቀት ነው።

ስለ ቆጠራው መመሪያው የሚያዘው መልካም ነው፤ ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል። ቆጠራው ሰባት ተከታታይ ቀን ይሁን፤ ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ሙሉውን ሃያ አራት ሰዓት ይቈጠር፤ ለሌሎቹ ቀናት ዐሥራ ስድስት ሰዓት ይበቃል፤ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞንና በበዓል ቀን አይቈጠር፤ እንደ መከር ያለው ረዘም የሚል ወቅት ሲሆን ግን ተጨማሪ ቆጠራ ይደረግ፤ በዓመትም ውስጥ ደጋግሞ ይቈጠር ይላል። ሰባት ቀን የተባለበት ምክንያት ለእኛ አገር ሰው ግልጽ ነው። የገበያ ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሚውል፥ ሰባቱን ቀን የቈጠረ ሰው ገበያውን አያመልጠውም፤ ሦስት ቀን የቈጠረ ግን ወይ ገበያውን ጨርሶ ይስተዋል ወይም የገበያውን ቀን እንደ ዘወትር ቀን ይወስደዋል።

ነገር ግን ደንቡ የሚያዘውን ለመፈጸም ደንቡ የማይሰጠው ዕውቀት ያስፈልጋል። በዓል የትኛው ነው? ታኅሣሥ 19 ቀን በቁልቢ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ ለመቍጠር የተቀመጠ ሰው የሚያየው የመንገዱን ትራፊክ ሳይሆን የገብርኤልን ተሳላሚ ነው። ይህንስ ማንም ያውቀዋል እንበል። በሁዳዴ መጨረሻ በግና በሬ የጫኑት መኪናዎች ወደ ከተማ የሚጐርፉበትን ሳምንት፥ ቡና ከጅማና ከሲዳማ የሚወርድበትን ወራት፥ በየአገሩ የሚከበረውን ንግሥ፥ የአረፋን ሰሞን ለይቶ የሚያውቀው ግን መመሪያውን ያነበበ ሳይሆን አገሩን የሚያውቅ ነው። እንግዲህ የሠራተኛው ችሎታ ሲመዘን «መመሪያውን ያውቃልን?» ተብሎ ብቻ ቢጠየቅ ጥያቄው ጐደሎ ነው።

ከቍጥሩ ይልቅ የሚከብደው የጭነቱ ነገር ነው። መንገድን የሚጐዳው የመኪናው ብዛት ሳይሆን በየአክስሉ፥ ማለት ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። መመሪያው 8.16 ቶን የሚመዝነውን አክስል እንደ አንድ አድርጎ ይወስድና ሌላውን ሁሉ ከእርሱ ጋር በ4.5 ኀይል ያስተያያል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ራሳችን አስልተን እንመልከተው። ዐሥር ቶን የሆነ አክስል የሚያደርሰው ጉዳት 2.5 ይሆናል፤ ዐሥራ ሦስት ቶን የሆነው ግን ከ8 ይበልጣል። ክብደቱ በ30 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። 0.8 ቶን የሚከብድ የቤት አውቶሞቢል አክስል ከዐሥራ ሦስት ቶኑ ጋር ቢተያይ፥ አንዱ ካሚዮን በአንድ አክስሉ ያደረሰውን ጉዳት ለማድረስ የአውቶሞቢሉ አክስል ከሁለት መቶ ሺሕ ጊዜ በላይ ማለፍ አለበት።

ስለዚህ ቆጣሪው ሃምሳ አውቶሞቢል ቢዘለው ንጣፉ ምንም አይሆንም። አንድን ባለተሳቢ መካከለኛ የጭነት መኪና ነው ብሎ ቢጽፈው ግን ስሕተቱ ለሃያ ዓመት ይባዛል። ይህም ስሕተት በቀላሉ የሚሠራው በሌሊት ነው፤ ከመብራቱ በስተኋላ ያለው ምን እንደ ሆነ በማይለይበት፥ ቆጣሪውም በብርድና በእንቅልፍ በተሸነፈበት ሰዓት። በሌላ በኩል ደግሞ ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የሚመጣው መኪና ዕቃ ጭኖ ሲመጣ፥ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ብዙው ባዶውን ነው። የሁለቱን አቅጣጫ ሚዛን ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሠራተኛ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ መንገዱን በአንድ ጐኑ ያስበላዋል። መመሪያው ከባዱን አቅጣጫ ያዝ ይላል፤ ለምን እንደ ሆነ ያልገባው ግን ትእዛዙን ባንድ ቦታ አክብሮ በሌላው ይረሳዋል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሰው ለምን ይቈጥራል? የሚቈጥር መሣሪያ ይገዛ» የሚሉ ይኖራሉ። መሣሪያ መግዛቱን አንቃወምም። ዳሩ ግን በመንገድ ላይ የሚዘረጋው ተራ መቍጠሪያ ጎማ ማለፉን እንጂ ጎማው የተሸከመውን አያውቅም፤ ሚዛን ያለው መሣሪያም በየጊዜው በእውነተኛ ክብደት ካልተፈተነ በልበ ሙሉነት የሚዋሽ ምስክር ይሆናል። ለኮምፒውተር ፕሮግራሙም የምንለው ይኸው ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመንገድ አዋጭነት ጥናት ኤች.ዲ.ኤም.-4 የተባለውን ፕሮግራም ይጠቀማል። ፕሮግራሙን መክፈትና ቍጥር ማስገባት በጥቂት ሳምንት ትምህርት ይገኛል፤ የወጣው መልስ ከአገሩ ጠባይ ጋር አይስማማም ብሎ ለመጠርጠር ግን ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል፥ ለዚህኛው ደግሞ የምስክር ወረቀት የለውም።

ይህ ጕድለት ይልቁን ጐልቶ የሚታየው የወደ ፊቱ ዕድገት ሲገመት ነው። ትራፊኩ በዓመት 5 በመቶ ያድጋል ያለ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የዛሬውን 2.65 እጥፍ ያገኛል። 10 በመቶ ያለው 6.73 እጥፍ ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ያንን መስመር የሚጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሳይሆን የተቀጠረው አማካሪ ድርጅት ነው። የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ድርሻ ተመልክቶ መቀበል ወይም መመለስ ነው። ተመልካች ከሠሪው ያነሰ ዕውቀት ይበቃዋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሠሪው አንዱን መንገድ ካወቀ ይበቃዋል፤ ተመልካቹ ግን ይህ ሰው ለምን 10 አለ፥ 7 ቢሆንስ ንጣፉ ምን ይሆናል፥ ዕድገቱ ከአገር ገቢ ጋር ተያይዞ ሲገመት ያ ገቢ በዚህ ወረዳ ይታያልን ብሎ መጠየቅ አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ከባዱ ነቀፌታችን አንድ ነው። በትራፊኩ ምዕራፍ ውስጥ የተገመተው ቍጥር መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ከደረሰው ቍጥር ጋር ይተያይ የሚል ትእዛዝ አላገኘንም። ይህ የእኛ አገር ሕመም ብቻ አይደለም። ፍሉብያ የተባለው የዴንማርክ ሊቅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በ14 አገሮች የተሠሩ 210 የመንገድና የባቡር ሥራዎችን መርምረው፥ ከመንገዶቹ በግማሹ ግምቱና እውነቱ ከ20 በመቶ በላይ እንደሚራራቁ፥ በባቡሮቹም የተሳፋሪው ቍጥር በአማካይ ከተገመተው በግማሽ ያህል እንዳነሰ አሳይተዋል። እንግሊዞች ከእንዲህ ያለው ነገር የተማሩት መንገድ በተከፈተ በአንድና በአምስት ዓመቱ ተመልሰው ግምታቸውን መፈተንን ነው። ግምት መሳሳቱ አያስወቅስም፤ በምን በኩል እንደሚሳሳት ሳይታወቅ ሃያ ዓመት መቈየቱ ግን ያስወቅሳል። ባለፈው መንገድ ግምቱ በስንት እንደ ሳተ ያልተነገረው መሐንዲስ፥ ዐሥር መንገድ ቢሠራም ያለው ልምድ ያው የአንድ መንገድ ልምድ ነው።

የሚያስገርመው ማመሳከሪያው ቍጥር አስቀድሞ በእጅ መኖሩ ነው። መሥሪያ ቤቱ በዋና ዋና መንገዶች ላይ በየዓመቱ መደበኛ ቆጠራ ያካሄዳል። የቀረው የድሮውን የዲዛይን ጽሑፍ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ጐን ለጐን ማስቀመጥ ነው። ለዚህ ብድርም የውጭ ባለሙያም አያስፈልግም፤ አንድ መሐንዲስና ሁለት ጸሓፊዎች በአንድ ክረምት ብዙውን ሊጨርሱት ይችላሉ። ለኮሌጅ ተማሪም የተገባ ሥራ ነው፤ መዝገቡ ከተከፈተልን እኛም እንሠራዋለን።

ከየት ይጀመር ለሚለን ሰው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድን እናመለክታለን። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ የሚገባበት መኪና ሁሉ በዐይነቱ ተለይቶ ቀረጥ ስለሚከፍል፥ በሌሎቹ መንገዶች ሌሊት በብርድ የሚደረገው ቆጠራ እዚያ ከደረሰኙ ጋር አብሮ ይገኛል።